ማሳሰቢያ፦ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ላደረገች ታማሚ አስታማሚዎች

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ለታማሚዋ ሾርባ ሠርቶ፣ አልጋ አንጥፎ፣ አጠገቧ ማደር ቤተሰብ አያቅተውም። የሚከብደው እሷን ሳይጋርዱ መደገፍ ነው። አካሉ የእሷ ነው፤ ውሳኔውም የእሷ።

ይደረግ

1. ሐኪም ዘንድ ስትገባ አብሯት የሚገባውን ሰው ራሷ ትምረጥ። ጥያቄዎቿ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። ሐኪሙ ፊት ሲደርሱ ግማሹ ይረሳል።

2. በቀዶ ሕክምናው የተወሰደውን ናሙና የምርመራ ውጤት ኮፒ ሳትይዙ ከሆስፒታል አትውጡ። ኬሞ፣ ጨረር ወይም የሆርሞን መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነ የሚታወቀው በአብዛኛው ከዚያ ወረቀት ነው። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ካልተሠራ ምክንያቱን ጠይቁ።

3. ከቁስሉ ፈሳሽ የሚቀበለውን ቱቦ፣ ድሬን የሚሉትን፣ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አፍስሱ፤ መጠኑንም መዝግቡ። ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፈሳሹ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው፤ ሐኪሙ ያንን መዝገብ ይፈልገዋል።

4. ክንዷን በታዘዘችው መጠን ታንቀሳቅስ። ፀጉሯን ራሷ ማበጠር ከቻለች አትቀሟት። የብብቷ ዕጢዎች ከወጡ፣ በዚያ ክንድ መርፌና የደም ግፊት መለኪያ እንዳይደረግ ለነርሷ አስታውሱ። ክንዱ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቁ።

5. ኬሞ ከጀመረች ቴርሞሜትር ከቤት አይጥፋ። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ማስታገሻ ሰጥቶ ማሳደር አደጋ ነው።

6. ለሕክምና ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ከመጣችሁ፣ የማረፊያ ጉዳይ ቢቸግራችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ።

አይደረግ

1. «ትደነግጣለች» ብላችሁ ሕመሟን አትደብቋት። የካንሰር ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ግድግዳውን ታነባለች። ያላወቀችውን ሕክምና ደግሞ እሺም እንቢም ማለት አትችልም።

2. «ቢላ ከነካው ይበተናል» አትበሉ። የሚያሰራጨው ቢላው አይደለም፣ መዘግየቱ ነው።

3. ጠበሉና ጸሎቱ አይቅር፤ መድኃኒቱን ግን አያስቁም። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ መክረው ነበር። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር ትምከር፤ ቁስል የሚሽረው በምግብ ነው።

4. ለሐኪም ያልተነገረ ቅጠልና ሥር አታጠጧት፤ ከኬሞው ጋር ተደርቦ ጉበቷን ሊጎዳ ይችላል። በኬሞ ወቅት ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አይቅረቡላት።

5. ጠያቂ ቤቱን አያጨናንቀው። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። «እገሊትም በዚሁ ነው የሞተችው» የሚል ወሬ ከደጅ ይመለስ።

6. ቁስሏን ሳታስፈቅዱ አትግለጡ። ባለቤቷም ቢሆን እሷ እስክትፈቅድ ይታገሥ፤ ከዚያ ግን ፊቱን አያዙርባት።

7. ታሞክሲፊን የተባለው የሆርሞን መድኃኒት ከታዘዘላት «አሁንማ ድናለች» ብላችሁ አታስቁሟት። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 5 ዓመት በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

8. ሕክምናዋን በቤተሰብ ድምፅ ብልጫ አትወስኑ። ከአሜሪካም ከዱባይም የሚደውል ዘመድ አሳቢ ነው፤ ገንዘብ የላከ ሁሉ ግን ሐኪም አይደለም። ምክሩን አድርሱላት፣ ትእዛዙን አታድርሱባት።

9. «ሌላ ሐኪም ላማክር» ብትል አትቆጧት፤ መብቷ ነው። ውጤቶቿን ሁሉ ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። ቀጠሮዋ ግን በዚህ ሰበብ አይዘለል፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ የታዘዘላት ሴት ሳትጀምር ከ3 ወር በላይ ብትቆይ ትጎዳለች። መርምራና ጠይቃ «በቃኝ» ካለች ደግሞ፣ ምክንያቷን ለሐኪሟ እንድታስረዳ አግዟት፤ ማስታመማችሁን ግን በእሺታዋ አትለኩት።