ቁጠባ ከምድጃ ይጀምራል



ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሲነገር ብዙዎቻችን ጉዳዩ የባለ ሙያዎች ነው፣ ወይም ሀብት የተረፈው ሰው የሚያስብበት ነገር ነው እንላለን። በዚህ ትምህርት ግን ምድርን የሚጠብቅ አኗኗር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ገቢው ያነሰውን ቤተሰብ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለምሳሌነትም ላሊበላንና በዙሪያዋ ያለውን የላስታን ደጋ እንወስዳለን።

1. ላስታን ለምን መረጥን?

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በአጠገብዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። አገሩ ብርዳም፣ መሬቱ ተዳፋት፣ ደኑም የሳሳ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰውን ረኀብ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ከተማይቱ ከዐለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ለማየት በሚመጣው እንግዳ ብዙ ትጠቀም ነበር። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ የተነሣው ግጭት ተከታትለው የብዙ ቤተሰቦችን ገቢ ጎዱ። ገቢ በእጃችን ባልሆነ ምክንያት ሲቀንስ፣ በእጃችን የሚቀረው ወጪያችንን መመርመር ነው።

2. የመጀመሪያው እርምጃ፦ እሳቱ

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ወደ ጎን እየወጣ ይባክናል። የባከነው እንጨት ተገዝቶ እንደ ሆነ ብር ነው፤ ተለቅሞ እንደ ሆነ ደግሞ የእናቶችና የልጆች ጉልበት ነው። ጢሱም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። በደጋ አገር ሌላም ችግር አለ። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ባቄላና ሽምብራ እስኪበስሉ ብዙ እንጨት ይፈጃሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

ሀ) ጥራጥሬን ከዋዜማው መዘፍዘፍ፣ ድስቱንም ከድኖ ማብሰል። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ለ) እንጨትን ፈልጦ ማድረቅ። እርጥብ እንጨት የራሱን ውኃ ለማትነን ሙቀቱን ይጨርሳል፤ የሚተርፈንም ጢሱ ነው።

ሐ) ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ የጥቂት ቀን እንጀራ አከታትሎ መጋገር፣ በቀረው ግለትም ቆሎ መቁላት።

መ) እሳቱን የሚከልል ምድጃ መጠቀም። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተሠራጨው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለከሰልም «ላቀች» የተባለው ምድጃ አለ።

ለምድጃው የሚከፈለው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለማውጣት ለድኻ ቤተሰብ ከባድ መሆኑን አንዘነጋም። ለዚህ ግን ዕቁብን የመሰለ የራሳችን ሥርዓት አለን። አሥር ቤተሰቦች በየወሩ ጥቂት ቢያዋጡና አንድ ቤት ምድጃ ቢያገኝ፣ በአሥር ወር ሁሉም ይዳረሳል።

3. ሁለተኛው እርምጃ፦ ኩበቱ

እንጨት ሲያንስ ኩበት ይነድዳል። ኩበት ሲነድድ ግን ለእርሻው ይገባ የነበረው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ መሬቱም እየቀጠነ ይሄዳል። በጎደለውም ምትክ ገበሬው ማዳበሪያ ይገዛል። ማዳበሪያውም ከውጭ አገር የሚመጣ በመሆኑ፣ የዓለም ገበያ በ2014 ዓ.ም. ሲንር፣ የውጭ ምንዛሪም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ሸክሙ በአራሹ ላይ ወድቋል። እንግዲህ ፍጉን በምድጃ አቃጥሎ ማዳበሪያን በብር መግዛት ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንደ መክፈል ነው።

ሆኖም ማገዶ የሌለውን ቤተሰብ «ኩበት አታንድድ» ብሎ መገሠጽ ከንቱ ነው፤ እራቱን በምን ያብስል? ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። አስቀድሞ ምድጃው ይሻሻል፤ የማገዶ ፍላጎት ሲቀንስ የተረፈው ፍግ ወደ ጉድጓድ ይግባ። በጥላ ሥር ጉድጓድ ቈፍረን ገለባ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ፍግ፣ ጥቂት ዐመድና አፈር በየተራ እንደርባለን፤ ውኃ እናርከፈክፋለን፤ በየጊዜውም እናገላብጣለን። በጥቂት ወራት ውስጥ መልካም ብስባሽ ይሆናል፤ በብርዳም ቦታ ግን ይዘገያል።

4. ሦስተኛው እርምጃ፦ ውኃውና ዕቃው

በ1 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። እንግዲያስ 30 ካሬ ሜትር በሆነ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር ይሆናል፤ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ባለ 20 ሊትር 12 ጀሪካን ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ ክዳኑን አጥቦ ይፍሰስ፤ ቀጥሎ የሚወርደው ለልብስና ለጓሮ ጎመን ይጠራቀም። የላሊበላ ጠራቢዎችም ዐለቱን ሲፈለፍሉ ለዝናቡ መውረጃ ቦይ ማበጀትን አልረሱም።

ወደ ገበያ ስንወጣም ዘንቢል እንያዝ፤ ለስንቅም አገልግላችን ይበቃናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አያቶቻችን ግን ያለ ፌስታል ገበያ ውለው ይገቡ ነበር።

5. እምነታችን ምን ያስተምረናል?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ በቁጥር 211፣ ውኃን መቆጠብን፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ማብሰልንና ዛፍ መትከልን የመሳሰሉ ትናንሽ የዕለት ተግባራት ለፍጥረት የሚደረግ እንክብካቤ መሆናቸውን አስተምረዋል። ጌታችንም አምስት ሺሁን ሕዝብ ከመገበ በኋላ ቍርስራሹ እንዲሰበሰብ ማዘዙን እናስታውስ። እንጀራን ማብዛት የሚችለው እርሱ ፍርፋሪው እንዲባክን ካልፈቀደ፣ እኛ ምን ሥልጣን አለን?

ቁጠባው ግን በእናቶች ትከሻ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። ምድጃ መሥራት፣ ጉድጓድ መቈፈር፣ እንጨት መፍለጥ የአባወራውም የልጆችም ድርሻ ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ቤተሰባችን ባለፈው ወር ለእንጨት፣ ለከሰልና ለማዳበሪያ ስንት ብር አወጣ? በወረቀት ላይ ጽፈን እንደምር።

2. ከተዘረዘሩት ውስጥ ያለ አንዳች ወጪ በዚህ ሳምንት ልንጀምረው የምንችለው የትኛው ነው?

3. በቁምስናችን ለምድጃ የሚሆን ዕቁብ ለማቋቋም እነማን ፈቃደኞች ናቸው?

4. ከቁጠባው የተረፈውን ብር ለምን እናውለዋለን? ለዘር፣ ለልጆች ደብተር፣ ወይስ ከእኛ ይልቅ ለተቸገረ ጎረቤት?