«ታሚም»፦ ያልተከፈለ ልብ

በቅዱስ መጽሐፍ «ፍጹም» የሚል ቃል ሲነበብ ብዙ ምእመናን «ይህስ ለቅዱሳን እንጂ ለእኛ አይደለም» በማለት ያልፉታል። የዕብራይስጡን ቃል ብንመረምር ግን እንዲህ በቀላሉ አናልፈውም።

ቃሉ «ታሚም» ነው፤ «ታም» እና «ቶም» ከሚባሉት ጋር ከአንድ ሥር ይወጣል። መሠረታዊ ትርጉሙም «ሙሉ፣ ጉድለት የሌለው» ማለት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የዚህን ሥር ቃላት እንደየቦታው ይተረጉማቸዋል፦ ስለ ፋሲካው ጠቦት «ነውር የሌለበት» (ዘጸ. 12፥5)፣ ስለ ኖኅ «ፍጹም» (ዘፍ. 6፥9)፣ ስለ ያዕቆብ «ጭምት» (ዘፍ. 25፥27)፣ ስለ አቢሜሌክ ልብ «ቅንነት» (ዘፍ. 20፥5)። ለመሥዋዕት የሚቀርብ እንስሳ ዕውር ወይም ሰባራ ካልሆነ ሙሉ ነው (ዘሌ. 22፥21-22)። ሰውም ልቡ፣ ቃሉና ሥራው ሳይከፋፈሉ አንድ ሲሆኑ ሙሉ ይባላል።

እንግዲህ «ታሚም» ኃጢአትን ከቶ የማያውቅ ማለት አይደለም። ኖኅ ሰክሯል (ዘፍ. 9፥21)፤ ኢዮብም የወጣትነቱን በደል አልካደም (ኢዮ. 13፥26)። ነገር ግን ኢዮብ ልጆቹን፣ ሀብቱንና ጤናውን ካጣ በኋላ እንኳ፣ ሚስቱ ተስፋ ቆርጣ ብትናገረውም፣ ቅንነቱን አልለቀቀም (ኢዮ. 2፥9-10)። ንብረቱ ጎደለ፤ እርሱ ግን አልጎደለም። እንዲያውም በእውነተኛ ሚዛን እንዲመዘን ፈቀደ (ኢዮ. 31፥6)።

ሚዛን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአዳማ ገበያ ጤፍ ይመዘናል፤ በመቂና በባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም በኪሎ ይሸጣል። ገበሬው ሚዛኑን ማንበብ ባይችል የነጋዴው እጅ ምን ያደርጋል? እሑድ ያስቀደሰውና ሰኞ ሚዛን የያዘው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? በጆንያው አፍ መልካሙን፣ ከሥሩ የበሰበሰውን ሽንኩርት የሚያኖር ሻጭም የገዛ ልቡን ከፍሏል።

ጌታችን ፍጹማን እንድንሆን ያዘዘው ጠላትን ስለ መውደድ ባስተማረበት መደምደሚያ ላይ ነው (ማቴ. 5፥48)፤ ለወዳጅ ብቻ የሚሰጥ ፍቅር ጎደሎ ነውና። በዚያ የተጻፈው «ቴሌዮስ» የተባለው የግሪክ ቃል፣ በጥንቱ የግሪክ ትርጉም «ታሚም»ን የተካው ነው (ዘዳ. 18፥13)። ስለዚህ ጉድለቱን ያወቀ ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ ወደ ምሥጢረ ንስሓ ይቅረብ፤ እንደ ዘኬዎስም የወሰደውን ለባለቤቱ ይመልስ (ሉቃ. 19፥8)።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. «ፍጹም» እና «ኃጢአት የሌለበት» በምን ይለያያሉ?
2. በምንኖርበት ከተማ የሰው ልብ በይበልጥ የሚከፈለው በየትኛው ሥራ ላይ ነው?