በጃፓን ነጋዴ ማዕድ ስለ መቀመጥ

ከጃፓን ነጋዴዎች ጋራ የሚገበያይ ያገራችን ሰው አንድ ቀን የእራት ጥሪ ሳይደርሰው አይቀርም። ጥሪው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ናሙናው ከተቀመሰና የዋጋው ነገር በደብዳቤ ከተመላለሰ በኋላ ሲሆን፥ ውሉ ግን ገና አልተፈረመም። እኛም ነገሩን እንደ ተራ ግብዣ ቈጥረን ልብስ ለውጦ መሄድ ብቻ የሚበቃ ይመስለናል። እኔ ራሴ በአንድ ቡና ላኪ ዘንድ በጸሐፊነት ስሠራ ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ አስብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር አሠሪዬን ተከትዬ ወደ ቶኪዮ በሄድሁ ጊዜ ግን፥ በእኔ ስሕተት በአንድ እራት ላይ የደረሰብን ነገር አሳቤን ለወጠው። ስለዚህ የዚያን ጊዜውንና ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን፥ ለመሰሎቼ ጸሐፊዎችና ለነጋዴዎቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ጃፓናዊው ገዢ ስለ ምን ያን ያህል ገንዘብ ለእራት እንደሚያወጣ መረዳት ያስፈልጋል። በአገሩ የግብር ደንብ አንድ ኩባንያ ከውጭ እንግዳ ጋራ ለሚበላው ምግብ በአንድ ሰው እስከ 5,000 የን ድረስ ያወጣውን ከመስተንግዶ ወጪ ውጭ አድርጎ እንዲይዘው ይፈቀድለት ነበር፤ ይህም ልክ በአውሮፓ አቈጣጠር ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ወደ 10,000 የን ከፍ ብሏል። ከፍ ባለው ምግብ ቤት የሚቀርበው እራት ግን በአንድ ሰው 20,000 ወይም 30,000 የን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የሒሳብ ሰው ይህን ሲያይ ልዩነቱን ገዢው ለምን እንደ ተሸከመው መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ይህ ነው፤ ዕቃው ወደብ ደርሶ እንከን ቢገኝበት በመንግሥቱ መርማሪዎችና በደንበኞቹ ፊት የሚጠየቀው እርሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2008) ከአገራችን በሄደ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው ልክ ያለፈ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ቅሪት ተገኝቶ፥ ቡናችንን «ሞካ» እያለ ለይቶ በሚጠጣው በዚያ አገር ገበያችን በብርቱ እንደ ቀነሰ አንባቢ አይዘነጋውም። እንግዲህ ገዢው ከወረቀቱ በስተኋላ ያለውን ሰው ማየት ይፈልጋል፤ የሚያየውም በማዕድ ላይ ነው።

ርዮቴይ የሚባለው ከፍተኛ ምግብ ቤት እንደ ሆቴል አዳራሽ አይደለም። እንግዳው ጫማውን በመግቢያው አውልቆ፥ እንደ እንግጫ ካለ ሣር የተሠራ ታታሚ የተባለ ምንጣፍ ወደ ተነጠፈበት ክፍል ይገባል። (ስለዚህ ጸሐፊ የሆነ ሰው ከሆቴል ሳይወጣ የጌታውን ካልሲ ቢመለከት መልካም ነው፤ የእኔ ግን በዚያ ምሽት ከአውራ ጣቱ በኩል ተቀዶ ነበር።) በግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ የተሠራ ቶኮኖማ የሚባል ስፍራ አለ፤ በእርሱም የተሰቀለ ሥዕል ወይም ጽሕፈትና አበባ ይገኝበታል። ከበሩ ርቆ በዚያ ፊት ያለው ቦታ የክብር እንግዳ ነው፤ በበሩ አጠገብ ያለው የታናሹ ነው። ባገራችን ጨዋ ሰው ከበታች ተቀምጦ «ወደ ላይ ይለፉ» እስኪባል እንደሚጠብቅ ሁሉ፥ እዚያም አንድ ጊዜ ማመንታት ያስከብራል፤ አጥብቆ መከራከር ግን የሁሉንም መቀመጫ ያናጋል።

በዚህ ቤት የሚቀርበው ካይሴኪ የተባለው ማዕድ ነው። ሥሩ በ16ኛው መቶ ዓመት የሻዩን ሥርዓት ካጸኑት አንዱ የሆነው ሴን ኖ ሪኪዩ በነበረበት ዘመን፥ ከሻዩ በፊት ይበላ ከነበረው ቀለል ያለ ምግብ ነው ይባላል። በአንዱ አጻጻፉ የስሙ ትርጓሜ «የብብት ድንጋይ» ሲሆን፥ መነኰሳት ረኀባቸውን ለማስታገሥ በእሳት የሞቀ ድንጋይ በደረታቸው ይይዙ ነበር ከሚለው ነገር የመጣ ነው። ዛሬ ግን እንደዚያ ቀለል ያለ አይደለም፤ በትንንሽ ዕቃ እየሆነ በተራ የሚመጣ ስምንት ወይም ዐሥር ምግብ ነው። ተመርጦ የሚታዘዝም ነገር የለም። ወጥ ቤቱ ወቅቱን ተመልክቶ፥ ለተቈጠሩት ሰዎች ልክ፥ የዚያኑ ቀን የገዛውን ያቀርባል። ባገራችን እግረ መንገዱን አንድ ወዳጅ ይዞ መምጣት የፍቅር ምልክት ነው፤ እዚያ ግን አምስተኛው ሰው ምግብም መቀመጫም የለውም። የአበሻ ቀጠሮ የምንለውም ነገር ከዚህ ይቅር።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ከጉዟችን ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ጋባዣችን «አሠሪዎ የማይበሉት ምግብ አለን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ሥጋ አይበሉም» ብዬ በአንድ መስመር መለስሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ አሠሪዬም በጾም ዓሣ የማይቀምሱ ሰው ናቸው። ባገራችን ጾም ነው ከተባለ የቀረውን ማንም ስለሚያውቀው፥ ለጃፓናዊም የተናገርሁት የበቃ መሰለኝ። ለእርሱ ግን ሥጋ የማይበላ ሰው ማለት ዓሣ የሚበላ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የመጣውን አትክልት ጋሼ በደስታ ቀመሱት። ቀጥሎ ክዳን ባለው ጥቁር የእንጨት ጎድጓዳ ሳሕን የጠራ መረቅ መጣ። ከፍተው አሸተቱና መልሰው ከደኑት። «ይህ ውሃ ዓሣ ዓሣ ይለኛል» አሉኝ በዝግታ። ከእርሱ በኋላ ጥሬ ዓሣ በበረዶ ላይ ተደርድሮ ቀረበ። እጃቸውን በጕልበታቸው ላይ አደረጉ። ጋባዣችንም ይህን ባየ ጊዜ የመብያ እንጨቶቹን አኖረ፤ ሁለቱም ባልደረቦቹ እንደዚሁ አደረጉ፤ የአምስታችንም መረቅ ቀዘቀዘ። ኦካሚ የምትባለው የቤቱ እመቤት መጥታ ተንበርክካ ነገሩን ከሰማች በኋላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቈይቶ የተቀቀለ አትክልት መጣ። በምን እንደ ተቀቀለ ብጠይቅ በዚያው በዓሣው መረቅ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ በዚያ ሌሊት የበሉት ነጭ ሩዝና ፍራፍሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ደጋግሜ ብናገርም ጋባዣችን መኪና እስክንገባ ድረስ ይቅርታ ከመለመን አላቋረጠም። በዚያ ሳምንት ይፈረማል ብለን የጠበቅነው የሁለት ኮንቴይነር ውል ወደሚቀጥለው መከር ተላለፈ። ምክንያቱ እራቱ ብቻ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ የኒውዮርክ ገበያ ዋጋም በዚያ ሰሞን ወርዶ ነበር። ነገር ግን የዋጋው ነገር በዚያ ምሽት ጨርሶ አለመነሣቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

የጋባዣችን ኀፍረት ስለ ምን ያን ያህል እንደ በረታ የገባኝ ቈይቶ ነው። እንዲህ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ፥ ይልቁንም በኪዮቶ ያሉት ጥንታውያን፥ የማያውቁትን ሰው ያለ አስተዋዋቂ አይቀበሉም ነበር፤ ዛሬም ይህን ልማድ የያዙ አሉ። ሒሳቡ በዚያው ሌሊት በገበታ ላይ አይከፈልም፤ ቈይቶ ወደ ኩባንያው ይላካል። ስለዚህ አስተዋዋቂው ለአዲሱ እንግዳ ባገራችን ቋንቋ ዋስ ነው፤ እንግዳው ባይከፍል ወይም ቢያጠፋ የሚወቀሰው እርሱ ነው። የጋበዘንም ነጋዴ በዚያ ቤት ፊት ዋሳችን ነበር። የእኔ አንድ መስመር መልስ ያሳፈረው ጌታዬን ብቻ ሳይሆን፥ ቤቱን በትክክል ሳያስጠነቅቅ እንግዳ ያመጣውን ሰው ጭምር ነው።

የመረቁን ነገር ለማያውቅ ሰው መግለጽ ይገባል። ዳሺ የሚባለው መረቅ የጃፓን ወጥ ቤት መሠረት ነው፤ እኛ ዘንድ ቍሌት እንደ ማለት ነው። የሚሠራውም ኮምቡ ከተባለ የደረቀ የባሕር ቅጠልና፥ ካትሱኦ ከሚባል ዓሣ ነው። ዓሣው ተቀቅሎ፥ በጢስ ደርቆ እንደ እንጨት ከጠነከረ በኋላ እንደ ፍቅፋቂ ስስ ሆኖ ይላጋል። ይህ መረቅ በሾርባው ብቻ ሳይሆን በአትክልቱም፥ በእንቁላሉም፥ በማጥቀሻውም ውስጥ ይገባል። በዓይን ሲታይ ምንም ዓሣ የሌለበት ጎመን እንኳ በዓሣ መረቅ የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «አትክልት ብቻ» ብሎ መጻፍም አይበቃም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለጾመኛ የሚስማማ ማዕድ በዚያው አገር አለ። ሾጂን ርዮሪ የሚባለው የቡድሃ ገዳማት ምግብ ሥጋም ዓሣም አይገባበትም፤ መረቁ ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል፤ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት እንኳ አይጨመርበትም። ጋባዣችን በሦስተኛው ቀን ራሱ ፈልጎ እንዲህ ወዳለ ቤት ወሰደን። ጋሼም የቀረበላቸውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ በሉ። በተለይ ጎማ ዶፉ የሚባለውን፥ ሰሊጥ ተወቅጦ ከሥር ዱቄት ጋራ ተማስሎ የሚረጋውን፥ ወደዱት፤ ጨርሰውም «ይህ ሰሊጥ የየት አገር ነው?» ብለው አስጠየቁኝ። ጃፓን የምትበላውን ሰሊጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውጭ የምታስገባ አገር ናት፤ ከሚልኩላትም አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ጋባዣችን ሣቀ፤ ወጥ ቤት ድረስ ልኮም አስጠየቀ። ከሌላ አገር የመጣ ሆኖ ቢገኝም በሁለት ምሽት ያልተከፈተ ወሬ በሰሊጥ ተከፈተ፤ ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላም የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ናሙና እንድንልክ ደብዳቤ ጻፈልን።

የገበታውን ሥርዓት በአጭሩ ልናገር። ሲገባ የሚሰጠው ትኩስ ፎጣ ለእጅ ነው፤ ፊትና አንገት አይጠረግበትም። «ካምፓይ» ሳይባል መጠጥ አይቀመስም፤ ለራስም አይቀዳም፤ ጎን ላለው ሰው ይቀዳሉ፥ እርሱም መልሶ ይቀዳል። የመብያ እንጨት በሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካትና ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበል ነውር ነው፤ ሁለቱም የቀብር ሥርዓትን ያስታውሳሉና። በዚህ ምክንያት ጕርሻም ይቅር። የእንጨት ሳሕኑ ክዳን ከእንፋሎቱ የተነሣ ተጣብቆ እምቢ ቢል፥ ጐኑን በጣት ጫን ሲያደርጉት ይለቃል እንጂ አይታገሉትም። ትልቅ የወርቅ ቀለበት ያለው ሰው አስቀድሞ ቢያወልቀው ይሻላል፤ የሚያብረቀርቀውን ዕቃ ይጭረዋል። ጥሬ ዓሣን ስለ መፍራት የሚነገረውን ግን፥ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ከሚበላ ሕዝብ መስማት አይገባኝም።

ስለ ንግዱ ንግግር ደግሞ፥ ጋባዡ ሳያነሣው ዋጋ አይነሣም። ቢያነሣው እንኳ ጊዜውን ማወቅ ያሻል። ሩዝ፥ የአኩሪ አተር ሾርባና በጨው የተዘጋጀ አትክልት አንድ ላይ ሲመጡ ማዕዱ ሊያልቅ ነው፤ መጠጡም በዚያ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍራፍሬና ሻይ ብቻ ነው። ከሩዝ በኋላ ስለ ቅናሽ የሚናገር ሰው፥ ባገራችን እጅ ከታጠበ በኋላ ወጥ ጨምሩልኝ እንደሚል ሰው ነው። ሒሳብ እንዳይጠየቅ፥ ጉርሻ ገንዘብም በገበታ ላይ እንዳይተው፤ ረስታችሁት መስሏቸው እስከ መንገድ ተከትለው ይመልሱላችኋል። የምስጋና ደብዳቤ ግን በማግሥቱ ጧት መላክ አለበት፤ ይህም የጸሐፊው ሥራ ነው።

እኔ ዛሬ ጥሪ ሲመጣ የምጽፈው መልስ እንዲህ ያለ ነው። «አሠሪዬ በጾም ቀኖች ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤ፥ እንቁላልና ዓሣ አይመገቡም፤ ከዓሣ የወጣ ዳሺ የገባበትንም ምግብ አይቀምሱም። ከኮምቡና ከእንጉዳይ በወጣ መረቅ የተሠራ አትክልት፥ ቶፉ፥ ሰሊጥ፥ ጥራጥሬና ሩዝ ይመገባሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ የምሳ ጥሪ አይመቻቸውም። የምንመጣው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን።» ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ያልሁትም በእነርሱ አቈጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት መሆኑን ጨምሬ እጽፋለሁ። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ፥ መስከረም በገባ ቍጥር በባሕረ ሐሳብ የወጣውን የጾም ቀን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር በአንድ ገጽ አሰናድቼ ለጃፓን ገዢዎቻችን ከመልካም ምኞት ጋራ እልክላቸዋለሁ። አንዱ ገዢያችን ወረቀቱን በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደ ለጠፈው ነግሮኛል።