ከዶሮና ከድመት የክላሚዲያ ናሙና ሲወሰድ

ላስታ ውስጥ ዶሮ ካንቀላፋች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፈንግል ነው። አይፈረድም፤ ፈንግል መንደር ይጠርጋል። ይሁን እንጂ ዶሮዎቹ ዓይናቸው አብጦ አረንጓዴ ኩስ እየጣሉ፣ የቤቱም ሰው በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በደረቅ ሳል ከተያዘ ክላሚዲያ የተባለው ባክቴሪያም ይታሰብ። የቤቱ ድመት ዓይኗ መግል ከያዘም እንዲሁ። አይቶ መለየት አይቻልም። ናሙናውን የሚወስደው የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወይም የሠለጠነ ረዳት ነው፤ የባለቤቱ ድርሻ ማገዝ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ይደወል። ምርመራው እዚያ ይሠራል ወይስ ሰበታ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላካል? በምን ዓይነት ብልቃጥ ይምጣ? ይህ ሳይታወቅ ናሙና መውሰድ ከንቱ ልፋት ነው።

ናሙናው ሳይወሰድ መድኃኒት አይጀመር። ለትራኮማ ከተሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባት የተረፈውን ድመቷን መቀባት ውጤቱን ያበላሻል። (ትራኮማን የሚያመጣው ሌላ የክላሚዲያ ዝርያ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። በድመቷ አይሳበብ።)

ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስታድር የደረቀ ኩሷ ብናኝ ይሆናል፤ ዋናው አደጋ እሱን መተንፈስ ነው። ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ ነፋሱን ለጀርባ ሰጥቶ ይሁን። ሐኪሙም የሚይዘውም ሰው ጓንት፣ መነጽርና ኤን95 ማስክ ያድርጉ፤ ተራው ማስክ አይበቃም። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ይራቁ። የሞተች ዶሮ ላባዋ በሳሙና ውሃ ርሶ በድርብ ፌስታል ትታሰር እንጂ ቤት ውስጥ አትበለት።

ከዶሮዋ አንዱ ናሙና ከላንቃዋ ስንጥቅ፣ ሌላው ከፊንጢጣዋ ይወሰዳል። ባክቴሪያው በየቀኑ ስለማይወጣ ከ3 እስከ 5 ተከታታይ ቀን ኩስ ማጠራቀም ይረዳል። አንድ ጊዜ «የለም» መባል ነፃ አያወጣትም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የድመቷ ነው። በወፍራም ፎጣ እስከ አንገቷ ትጠቅለልና ዓይኗ ላይ ያለው መግል በንጹሕ ጨዋማ ፈሳሽ በራሰ ጎዝ ይጠረግ። ከዚያ የታችኛው ቆብ ወደ ታች ተስቦ፣ ውስጠኛው ቀይ ሽፋን ላይ ስዋቡ (የናሙና መውሰጃው) ጫን ተደርጎ ይንከባለል። ክላሚዲያ የሚኖረው በሕዋስ ውስጥ ስለሆነ መግል ብቻ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። የስዋቡ ዘንግ ፕላስቲክ፣ ጫፉም ሰው ሠራሽ ክር ይሁን።

ብልቃጡ ላይ የእንስሳው መለያና ቀን ተጽፎ፣ በሦስት ድርብ ታሽጎ፣ በረዶ ባለበት የክትባት ሳጥን ይላክ። በፌስታል ቋጥሮ ለሚኒባስ ረዳት ማስረከብ የለም። ቦታው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭ። በቀጣዮቹ 2 ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ የታመመች ዶሮ መንካቱን ለሐኪሙ ይንገር።