ከሩም የወረስነውና ያጠራነው



በሀቢቾ ሱረቱ አር-ሩምን የቀራ አንድ ልጅ «ኡስታዝ፣ ሩሞች እነማን ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ቀበል አድርገው፣ «የእነሱ ታሪክ ለኛ ምን ያደርግልናል? ቁርኣንህን ቅራ!» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እኔ ግን ቁርኣን ያወሳውን ሕዝብ ማወቅ ከቁርኣን የሚያርቅ አልመሰለኝም።

ሩሞች የምሥራቅ ሮማ መንግሥት ሰዎች ናቸው። ዋና ከተማቸው ቁስጥንጥንያ በ330 እ.ኤ.አ. ተመርቃ፣ በ1453 ሱልጣን ሙሐመድ ፋቲሕ እስኪከፍታት ድረስ ቆይታለች። «ቢዛንታይን» ያሏቸው የኋላ ዘመን አውሮፓውያን ናቸው፤ እነሱ ራሳቸውን ሮማውያን ይሉ ነበር። በ614 ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ነጠቋቸው። ሱራዋ ግን ሩሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው እንደሚያሸንፉ አበሰረች፤ በ627 ንጉሣቸው ሂርቀል ነነዌ አጠገብ ድል አደረገ።

ለሐበሻም እንግዳ አልነበሩም። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ገንዘባቸው ላይ የሚያስቀርጹት ጽሑፍ በአብዛኛው በግሪክኛ ነበር።

ታዲያ ቀደምት ሙስሊሞች የሩሞችን ሥልጣኔ እንዴት ተቀበሉት? ሻምን ከያዙ በኋላም ለብዙ ዓመታት በሩሞች ወርቅ ይገበያዩ ነበር። ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን በ77 ሂጅሪያ አዲስ ዲናር ሲያሠራ ሙያውን አልጣለም፤ ምስሉን አንስቶ የተውሒድን ቃል አስቀረጸበት። «ዲናር» የሚለው ቃል ራሱ ከሮማውያን የመጣ ነው፤ ግን በቁርኣን ውስጥ ሰፍሯል።

ሩሞች የጥንት ግሪኮችን መጻሕፍት ለዘመናት እየገለበጡ አቆዩ። በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ የተባለ ክርስቲያን ሐኪም የጃሊኖስን የሕክምና ሥራዎች ተረጎመ። አር-ራዚም አንብቦ በጭፍን አልተቀበለም፤ በጃሊኖስ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ራሱን በቻለ መጽሐፍ አሰፈረ።

ወገኖቼ! አባቶቻችን የሌላውን ዕውቀት እንዳለ አልዋጡም፤ እንዳለም አልተፉም፤ አበጠሩት። ለማበጠር ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ልጆቻችንን «ወይ መድረሳ፣ ወይ ትምህርት ቤት» እያልን ብናስጨንቃቸው የምናወርሳቸው ፍርሃትን እንጂ ዲንን አይደለም።

ለዚያ ልጅ ይህንኑ ነገርኩት። አባትየውም ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።