ብስክሌትን በኤሌክትሪክ ማስኬድ፦ አገጣጠሙና ጥንቃቄው



በዛሬው የሳይንስ ትምህርታችን የምንመለከተው ተራውን የፔዳል ብስክሌት በሞተርና በባትሪ እንዲሄድ ስለሚያደርገው የመገጣጠሚያ ዕቃ ነው። በጂቡቲ ሐሩር በብስክሌት ዕቃ እያመላለሰ ለሚያድር ሰው ይህ ዕቃ ትልቅ እፎይታ እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። ነገር ግን እንደሚታወቀው በካርቲየ ሰባት ብዙዎቹ ቤቶች በጣውላና በቆርቆሮ የተሠሩና ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋጉ ናቸው። ከአንዱ ቤት የተነሣ እሳት ወደ ጎረቤት ለመዛመት ጊዜ አይፈጅበትም። ስደተኛ ደግሞ ቤቱ ሲቃጠል ከልብሱና ከዕቃው ሌላ የመታወቂያ ወረቀቱንና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ያጣል። እነዚህን መልሶ ማውጣት እንደ ድስትና ፍራሽ በገንዘብ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ በአማርኛ ስለማይገኝ ዋና ዋናውን ነገር እዚህ አቅርበናል።

1. ጥቂት ታሪክ

የኤሌክትሪክ ብስክሌት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ ሞተሩ በኋላ ጎማ ላይ ላለ ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1895፣ ማለትም ከዐድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ሐሳቡ ለረጅም ዘመን ያልተስፋፋበት አንዱ ምክንያት የባትሪ ክብደት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ቀላል የሆነው የሊትየም ባትሪ ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ በአገራችንም ጉዳዩ ቅርብ ሆኗል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ጂቡቲም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ኃይል ታገኛለች።

2. ዋና ዋና ክፍሎቹ

ሞተሩ በጎማው መካከል፣ በሞዞው ቦታ ይቀመጣል። ባትሪው ኃይል ያጠራቅማል። ኮንትሮለሩ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ይመጥናል። በመሪው ላይ የፍጥነት መስጫው አለ። የፍሬን እጀታው ደግሞ ሲጨበጥ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖረዋል፤ ሁሉም ዕቃ ግን ይህ ስለሌለው ስትገዙ ጠይቁ።

3. የማይነዝር ሁሉ የማያቃጥል አይደለም

ብዙ ሰው «ባትሪው 36 ቮልት ብቻ ነው፤ እንደ ቤት መብራት ሰው አይነዝርም፤ ስለዚህ አያሰጋም» ይላል። የዛሬው ትምህርት ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እስቲ በሂሳብ እንየው።

ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። በ220 ቮልት የሚበራ የ100 ዋት አምፖል ግማሽ አምፔር እንኳ አይወስድም። ባለ 36 ቮልቱ ብስክሌት ዳገት ሲወጣ ግን 15 አምፔር ሊወስድ ይችላል። ይኸውም በአምፖሉ ሽቦ ከሚያልፈው ኮረንቲ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው።

በሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚገኘው አምፔሩን በራሱ አባዝተን፣ ውጤቱን እንደገና በሽቦው መቋቋም (በኦም) ስናባዛ ነው። በደንብ ያልጠበቀ አንድ መገናኛ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው፦

15 × 15 × 0.1 = 22.5 ዋት

ይህ ሬዲዮ ጠጋኞች ከሚበይዱበት አነስተኛ መበየጃ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ነው። ስለዚህ ተጠማዞ በፕላስተር ብቻ የታሰረ ሽቦ ሳይነዝር እሳት ያስነሣል ማለት ነው። የባሕሩ ጨዋማ አየር ደግሞ መገናኛውን እያዛገ መቋቋሙን ይጨምራል።

4. አገጣጠሙ በቅደም ተከተል

ሀ) በመጀመሪያ ብስክሌቱን መርምሩ። ሁለቱም ፍሬኖች በደንብ ይያዙ፤ ፍሬሙና የፊት ሹካው ስንጥቅ አይኑርባቸው። ለእግር ጉልበት የተሠራ ብስክሌት በሞተር ሲሄድ ክብደቱም ፍጥነቱም ይጨምራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሞተሩ ከ250 ዋት እንዳይበልጥና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ መርዳቱን እንዲያቆም የተወሰነው በከንቱ አይደለም።

ለ) ጎማውን ሥሩ። ኒውተን እንዳስተማረው ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለ። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር የራሱን አክሲዮን፣ ማለትም መካከለኛውን ዘንግ፣ ወደ ኋላ ሊያሽከረክር ይታገላል። ዘንጉ ከቦታው ከወጣ ሽቦው ይቆረጣል፤ ጎማውም ወልቆ ነጂው ይወድቃል። ስለዚህ ዘንጉን ከፍሬሙ ጋር አንቆ የሚይዘውን ማገቻ ብረት ሳትገጥሙ አትንዱ። ዳዶዎቹን አጥብቁ፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላም እንደገና አጥብቁ። የአሉሚኒየም የፊት ሹካ በድንገት ስለሚሰበር ሞተሩን በብረት ፍሬም ላይ፣ በኋላ ጎማ ማሠር ይመረጣል።

ሐ) ሽቦዎቹን ዘርጉ። ከራጂ፣ ከካቴናና ከሹል ብረት አርቁ። መሪውን እስከ ዳር ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙራችሁ ሽቦው እንደማይወጠር እዩ። ወደ ሞተሩ የሚገባው ሽቦ ከመግቢያው በታች ትንሽ ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውኃ ቢወርድበት ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

መ) ፊዩዝ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ለ15 አምፔር ኮንትሮለር 20 አምፔር ፊዩዝ ይስማማል፤ ሽቦውም ያንን የሚችል ይሁን። የተለመደው የመኪና ፊዩዝ እስከ 32 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለ36 ቮልት አይሆንም። በፊዩዝ ፋንታ የመዳብ ክር ወይም የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ማስገባት ዘበኛን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ሠ) ባትሪውን በመጨረሻ አገናኙ። ሌላው ሁሉ ተሠርቶ ሳያልቅ ባትሪ አይነካም። ቀይ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጋቲቭ ነው ቢባልም ቀለም ሊያሳስት ስለሚችል በቴስተር አረጋግጡ። በሥራ ላይ የብረት ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ረ) ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ ሞክሩ። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ የሚጠፋ መሆኑን እዩ። ከዚያም ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ወርዳችሁም መገናኛዎቹን በእጃችሁ ዳብሱ። የጋለ መገናኛ ካለ እንደገና መሠራት አለበት።

5. ባትሪ አሞላል፦ ለወላጆች

በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊትየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሞላበት ከተማ እንዲህ ከሆነ የእኛ ጥንቃቄ ከዚያ ሊበልጥ ይገባል።

• ባለ 36 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት፣ ባለ 48ቱ (13 ተከታታይ ሴል ያለው) 54.6 ቮልት ይደርሳል። የአንዱ ቻርጀር ለሌላው አይሆንም፤ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ አትሰኩ።
• ተኝታችሁ ወይም ቤት ዘግታችሁ ሄዳችሁ አትሙሉ።
• በበር አጠገብ አትሙሉ። ባትሪው ቢቀጣጠል መውጫችሁን ይዘጋል። ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከጋዝ ምድጃም አርቁ።
• አብዛኛው የሊትየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መሞላት የለበትም። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ብቻውን ከ40 ያልፋል፤ ከጋለ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ሳትተኙ፣ ባትሪው ቀዝቅዞ ሙሉ።
• ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ውኃ የገባበት ወይም እንግዳ ሽታ ያለው ባትሪ አይሞላም፤ አይከፈትምም። ከአሮጌ ኮምፒዩተር ሴል ለቅሞ ባትሪ መሥራትም አደገኛ ነው።
• ጭስ ካያችሁ ሰዎችን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ ወዲያው አስወጡ፤ ጭሱ መርዛም ነው። ጎረቤት ቀስቅሱ፤ ለእሳት አደጋ ደውሉ። ለባትሪው ብላችሁ አትመለሱ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ሥራ ሥራውን ከሚያውቅ አዋቂ ሰው ጋር እንጂ ብቻችሁን አትጀምሩ። ክፍል 5ን ግን ዛሬ ማታ በቤታችሁ ለሁሉም ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ባለ 48 ቮልት ባትሪ 20 አምፔር ቢሰጥ ስንት ዋት ነው?
2. በዚያው 20 አምፔር 0.05 ኦም ያለው መገናኛ ስንት ዋት ሙቀት ያወጣል?
3. ባትሪ በመጨረሻ የሚገናኘው ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ባትሪ ለመሙላት ተስማሚው ቦታ የት ነው? ለምን? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያይታችሁ መልሱን ጽፋችሁ አምጡ።