አሮጌውን ዊንዶውስ ከአዲስ ሰርቨር ጋራ ስለ ማገናኘት

በአንዳንድ ሱቆችና መጋዘኖች ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተባለውን አሮጌ ሥርዓት የያዘ ኮምፒዩተር እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል። ባለቤቱ ያልጣለው በንፍገት አይደለም፤ ከሚዛኑ፣ ከማተሚያው ወይም ከአንድ የዕቃ መቈጣጠሪያ ፕሮግራም ጋራ የተሳሰረ ስለሆነና ያም ፕሮግራም በአዲስ ሥርዓት ላይ አልሠራም ስለሚል ነው። ችግሩ የሚገለጠው ነጋዴው የሒሳቡን መጠባበቂያ ቅጂና የደረሰኞቹን ምስል የሚያስቀምጥበት አዲስ ሰርቨር ገዝቶ ከኔትወርኩ ጋራ ባገናኘበት ዕለት ነው። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ወዲያው ይገባሉ፤ አሮጌው ግን ከበሩ ላይ ይቀራል።

እንዲህ ካሉት አነስተኛ ሰርቨሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስና ሳምባ በተባለው ፕሮግራም ነው። ሳምባን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. ያወጣው አንድሩ ትሪጀል የተባለ አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ ሥራውም ማይክሮሶፍት ያልሠራቸው ሥርዓቶች ኤስ.ኤም.ቢ. በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል መለዋወጫ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው።

ኤክስፒ ከዚህ ቋንቋ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ዐይነት ብቻ ነው። ሳምባ ግን በ2019 ዓ.ም. ከወጣው ከ4.11 ጀምሮ፣ ካልታዘዘ በስተቀር ይኸንን የመጀመሪያ ዐይነት አይቀበልም። ሁለተኛው እንቅፋት የይለፍ ቃሉ ማረጋገጫ ነው፤ ኤክስፒ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚልከው ማረጋገጫ በቀላሉ የሚሰበር አሮጌ ዐይነት ስለሆነ፣ ሳምባ በ2016 ዓ.ም. ከወጣው ከ4.5 ጀምሮ ይመልሰዋል። ሁለቱን በምልክታቸው መለየት ይቻላል። ቋንቋው ያልተስማማ እንደሆነ ግንኙነቱ ሰርቨሩ የሌለ ያኽል ይቋረጣል፤ ማረጋገጫው ያልተስማማ እንደሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል እየተቀበለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ይህ ሁለተኛው ምልክት የተጠቃሚው ስም በሊኑክስ ተመዝግቦ በሳምባ ሳይመዘገብ ሲቀርም ይታያልና፣ በቅድሚያ ስሙን በሳምባ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሰርቨሩን በስሙ ሳይሆን በቍጥር አድራሻው መሞከር ይበጃል። የኤክስፒ ሆም ኤዲሽን የቡድን ስም «ኤም.ኤስ.ሆም» ሲሆን የሳምባው «ወርክግሩፕ» ስለሆነ፣ ሰርቨሩ በዝርዝሩ ውስጥ ያልታየው በዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የቸኰለ ባለሙያ ሁለቱንም ገደቦች በዋናው ሰርቨር ላይ ያነሣና ኮምፒዩተሩ ሲገባ ሥራው አለቀ ይላል። ነገር ግን ገደቡ የተነሣው ለአንዱ አሮጌ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን ለኔትወርኩ በሙሉ ነው። በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ዋናክራይ የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ ይኸንኑ የመጀመሪያ ቋንቋ በሚናገርበት ክፍል ባለ ቀዳዳ እየገባ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ተዛመተ፤ ፋይሎችን ቈልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎችን እንኳ ሥራ አስፈታ። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። ለኤክስፒ የተለየ መድፈኛ የሰጠው ግን ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነውና፣ ይኸ መድፈኛ ያልተጫነበት ኤክስፒ ካለ ሳይጫንበት ከማናቸውም ኔትወርክ ጋራ መገናኘት የለበትም። የሒሳብ መዝገቡን በአንድ ሌሊት ያጣ ነጋዴ ባለዕዳዎቹን በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

እንግዲህ የይለፍ ቃሉን ጉዳይ ሰርቨሩን በማላላት ሳይሆን አሮጌውን ኮምፒዩተር በማጥበቅ መፈጸም ይገባል። በኤክስፒ ፕሮፌሽናል ላይ ከኮንትሮል ፓነል «አድሚኒስትሬቲቭ ቱልስ»ን፣ ከዚያም «ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ»ን ከፍቶ፣ በ«ሴኩሪቲ ኦፕሽንስ» ሥር የላን ማናጀር ማረጋገጫ ደረጃ የሚለውን ኤን.ቲ.ኤል.ኤም. ቨርሽን 2 ብቻ እንዲልክ ማድረግ ነው። ሆም ኤዲሽን ይኸ መስኮት ስለሌለው በሬጅስትሪ ውስጥ «ኤል.ኤም. ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭል» የሚለውን 3 ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ አጥፍቶ ይነሣ።

የቋንቋው ነገር ግን በኤክስፒ በኩል መድኃኒት የለውም። በሳምባ መመሪያ ፋይል ውስጥ «ሰርቨር ሚን ፕሮቶኮል» የሚለው ወደ ኤን.ቲ.1 ዝቅ ካላለ አይገባም፤ ይኸም ትእዛዝ ለአንድ ፎልደር ተለይቶ የሚሰጥ ሳይሆን ሰርቨሩን በሙሉ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ዋናውን ሰርቨር ሳይነኩ፣ ያገለገለ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ሳምባ ጭኖ እንደ ደላላ በመካከል ማቆም ከሁሉ ይሻላል። ኤክስፒው ቅጂውን ከደላላው ዘንድ ያኖራል፤ ዋናው ሰርቨር ደግሞ በራሱ ሰዓት መጥቶ ይወስዳል። ደላላው ወደ ዋናው ሰርቨር የሚገባበት የይለፍ ቃል ሊሰጠው አይገባም። «ሆስትስ አላው» በሚለው ትእዛዝም ከኤክስፒውና ከዋናው ሰርቨር አድራሻ በቀር ሌላውን እንዳይቀበል ይደረግ። ኤክስፒው ራሱ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣ መንገድ አያስፈልገውም።

የሚቀመጠው ምን እንደሆነም መለየት ያሻል። በአገራችን ብዙ የሚሠራበትን ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም በየደቂቃው የሚጽፍበትን ሕያው መዝገብ እንዲህ ባለ ሰርቨር ላይ ማኖር መዝገቡን ለመበላሸት ይዳርጋል። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ማታ ሥራ ሲያበቃ የሚወጣው ቅጂ ነው።

መመሪያው ከተለወጠ በኋላ «ቴስትፓርም» የተባለው ትእዛዝ ስሕተት እንዳለበትና እንደሌለበት ይነግራል፤ «ኤስ.ኤም.ቢ. ስታተስ» ደግሞ ማን በየትኛው ቋንቋ እንደ ገባ ይዘረዝራል። በዚህ ዝርዝር ላይ በኤን.ቲ.1 የገባ ዊንዶውስ 7 ቢገኝ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዊንዶውስ 7 ሁለተኛውን ቋንቋ ስለሚያውቅ እንዲህ ሊገባ አይገባውምና፣ ከቅንጅቱ የተነካ ነገር እንዳለ ይመርመር። በመጨረሻም በሳምንት አንድ ቀን ከተቀመጡት ቅጂዎች አንዱን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ የዕለቱን ሽያጭ ድምር ከደረሰኙ ጋራ ማመሳከር ያስፈልጋል።